ያረጀ ውሻን ስለ መሰናበት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴ ከሚገኘው ግቢያችን በር ላይ ለ13 ዓመታት ያልተለየው ውሻችን ነብሮ፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት ከፀሐይ ወደ ጥላ መሄድ እንኳ ሲያቅተው፣ ጎረቤትም ዘመድም ምክሩን አልነፈገንም። ምክሩ ከደግ ልብ የመጣ ቢሆንም ብዙው ትክክል አልነበረም፤ እኛም አንዳንዱን አምነን ውሻችን በከንቱ እንዲሠቃይ አድርገናል። የሰማነውን አባባል ከእውነታው ጋር አያይዤ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ነው።

«ካልጮኸ አላመመውም»

ከሁሉም በላይ የጎዳን ይህ አባባል ነው። ውሻ የሚጮኸው በድንገት ሲመታ ወይም ሲረገጥ ነው፤ እንደ መገጣጠሚያ ሕመም ያለ ለወራት የሚቆይ ሥቃይ ሲይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ሕመሙ የሚታወቀው በሌላ ምልክት ነው፦ ሲነሳ ይንገዳገዳል፣ ደረጃ መውጣት ይፈራል፣ አንድን ቦታ ደጋግሞ ይልሳል፣ ሳይሮጥ ያለከልካል፣ ሌሊት ይቁነጠነጣል፣ ሲነኩት ይሸሻል ወይም ያጉረመርማል። ነብሮ እንግዳ ሲመጣ ከተኛበት ሳይነሳ ጅራቱን ብቻ ማወዛወዝ ሲጀምር እኛ «እርጅና ጨዋ አደረገው» እያልን ደስ ይለን ነበር። በኋላ ያየው የእንስሳት ሐኪም ዳሌውን ገና በጣቱ ሲነካው ነብሮ አንገቱን ዘወር አድርጎ እጁን ሊነክሰው ሲል፣ ለወራት ዝም ብሎ ሲችለው የኖረውን ሕመም ያኔ ተረዳን።

«ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ለውሻም ይሆናል»

አይሆንም። ሰው ራሱን ሲያመው የሚውጠው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ሊያደማና ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ፓራሲታሞልም መጠኑ ሲበዛ ጉበቱን ይጎዳል። ለውሻ የሚሆነውን መድኃኒትና መጠኑን የሚያዝ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው።

«የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት ነው»

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ተወዷል እንጂ እውነት አይደለም። ውሻ በመጀመሪያው ዓመቱ ለመውለድ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እርጅና ደግሞ በግዝፈቱ ይወሰናል። ትልልቅ ውሾች ከትንንሾቹ ቀድመው ያረጃሉ።

«ሊሞት ሲል ራሱ ይሄዳል፤ ገመዱን ፍቱለት»

ውሻ ጌታውን ላለማሳዘን ሲል ሞቱን ተደብቆ ይቀበላል የሚለው ወግ ልብ ይነካል፤ ነብሮንም ልንፈታው ምንም አልቀረንም ነበር። ነገሩ ግን እንደሚባለው አይደለም። የታመመ እንስሳ ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልጋል፤ ዓይኑና ጆሮው የደከመ፣ አእምሮው የተዳከመ ውሻ ደግሞ ከግቢ ከወጣ መንገዱ ይጠፋበታል። ሄዶ ያልተመለሰው ውሻ መመለሻው የጠፋበት፣ መኪና የገጨው ወይም ጅብ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ወደ ደጋ ወስዶ መልቀቅም ሌላ ጉዳት አለው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በቦረና ሳይንት በቁጥር እጅግ ያነሰው ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታን ጨምሮ ከቤት ውሾች በሚተላለፍ በሽታ ያልቃል። ለውሻችን የሚገባው የመጨረሻ ስፍራ ሲጠብቀው የኖረው ግቢ ነው።

«ጠባዩ ከተለወጠ አብዷል»

የእብድ ውሻ በሽታ ገዳይ ስለሆነ ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም እርጅናና እብደት በአካሄዳቸው ይለያያሉ። በእርጅና የሚመጣው ግራ መጋባት በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚከፋ ሲሆን፣ ውሻው ግድግዳ ላይ ያፈጣል፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይዞራል፣ የበሩን መክፈቻ ትቶ በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በድንገት ይጀምራል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ያገኘውን ይነክሳል ወይም ሰውነቱ ሽባ ይሆናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። ጥርጣሬ ካለ ውሻውን ሳይነኩ ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም።

«መርዝ ቢበላ ቶሎ ይገላገላል»

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ለነብሮ ይህንኑ የመከሩን ሰዎች ነበሩ። ለውሻ መግደያ የታወቀው ስትሪክኒን እንስሳውን አያስተኛውም፤ ጡንቻዎቹን ሁሉ እያኮማተረ፣ አእምሮው ሳይደነዝዝ፣ ትንፋሹ እስኪቆም ያንፈራግጠዋል። የሐኪም መርፌ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። ለዚህ ተግባር የሚውለው ፔንቶባርቢታል የማደንዘዣ ዓይነት ሲሆን፣ ብዙ መጠን ሆኖ በደም ሥር ሲሰጥ ውሻው በመጀመሪያ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ ትንፋሹ፣ ቀጥሎም ልቡ ይቆማል። ዓይኑ ሳይከደን ሊቀር፣ ጡንቻውም ከሞተ በኋላ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህ የሥቃይ ምልክት አይደለም። መድኃኒቱ በሁሉም ክሊኒክ ስለማይገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

በሃይማኖቱ ወይም በኅሊናው ምክንያት መርፌውን የማይፈልግ ቤተሰብ አለ፤ አልፈርድበትም። ያ ቤተሰብ ግን ሥራው ይበዛል፦ ማስታገሻ በሐኪም ትእዛዝ መስጠት፣ ለስላሳ መኝታ ማንጠፍ፣ ጎኑ እንዳይቆስል በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሽንቱን ማጽዳት፣ ውኃውን አፉ አጠገብ ማድረግ። እህል እንቢ ሲል በግድ ማጉረስ አይገባም፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሬሳውን ገደል መወርወር በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ጅብና ጥንብ አንሳ ያነሱታል ተብሎ ይታሰባል። በመርዝም ሆነ በመርፌ የሞተ ውሻ ግን ሥጋው ውስጥ መርዙ ወይም መድኃኒቱ ስለሚቀር የበላውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ፣ ጅብ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቁ መቀበር፣ ከላዩም ድንጋይ ሊጫንበት ይገባል።

«ውሻ ርኩስ ስለሆነ ማስታመሙ ነውር ነው»

ወሎ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ሙስሊምና ክርስቲያን ስለሚኖር ይህን ከሁለቱም ወገን ሰምቻለሁ። የንጽሕና ሥርዓት አንድ ነገር ነው፤ ርኅራኄ ሌላ ነው። በሐዲስ እንደሚነገረው አንድ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ በጥም ለሚያለከልክ ውሻ ስላጠጣ ኃጢአቱ ተምሮለታል፤ በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክም ውሻቸው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ሄዷል። ያለብንን የእጅ መታጠብ ግዴታ ጠብቀን ለሚሞት ውሻ ውኃ ማቅረብ ከሁለቱም እምነት ጋር አይጣላም።

«ልጆች እንዳይሰሙ፣ ገጠር ሄደ በሏቸው»

ትንንሽ ልጆች ሞት መመለሻ የሌለው መሆኑን ቶሎ አይረዱም፤ «ገጠር ሄደ» የተባለ ልጅ መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል፣ «ተኛ» የተባለ ደግሞ መተኛትን ሊፈራ ይችላል። «አርጅቶ ታመመ፣ ሞተ፣ አይመለስም» ማለት ይሻላል። የእኛ ትንሿ ልጅ ይህን ሰምታ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የጠየቀችው «ብርድ ይሰማዋል?» የሚል ነበር፤ እንደማይሰማው ነገርናት።

«ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?»

13 ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ድምፁን እየሰማን ተኝተናል። የለመዱት ድምፅ በድንገት ሲቋረጥ ሰው ማዘኑ፣ አንዳንዴም ማልቀሱ የሚያሳፍር አይደለም። ነብሮን በቀበርንበት ቀን ማታ አንዲት ጎረቤታችን፣ ውሻ ወደ ቤታቸው የማያስጠጉ እናት፣ በር ላይ ቆመው «አብሽሩ» አሉን፤ ከዚያም ጀበናውን አስጥደው ቡናው እስኪያልቅ አብረውን ተቀመጡ።