ቀድሞ ድምፅ መስጠትና የጎረቤት ቅስቀሳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም 2013 ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ሰፈራችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለች። «አያ፣ እኔ እኮ ዛሬ መረጥኩ!» አለችኝ። የአሜሪካ ምርጫ ጥቅምት 24 እንደሆነ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። «እታለም፣ መች ደረሰና?» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ቡና ላይ የነበርነው ሁሉ ክርክር ገጠምን። ያን ቀን የተባለውን ዛሬም ከሰው አፍ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ቀድሞ የመረጠ ሰው ማንን እንደመረጠ ይታወቅበታል»

አይታወቅም። የሚታወቀው መምረጡ ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ስሙ ምልክት ይደረግበታል፤ በዋናው ቀን ተመልሶ ሁለተኛ መምረጥ አይችልም። ማንን እንደመረጠ ግን ምስጢር ነው።

ለቅስቀሳ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ያቺ ምልክት ነች። የአክስቴ ልጅ ለአንድ ዕጩ በጎ ፈቃደኛ ነበረች። የአርባ ሰው ስም ዝርዝር ተሰጥቷታል። በዚያ ዓመት ቨርጂኒያ ማንም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ ከ45 ቀን አስቀድሞ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳ ነበር። ዝርዝሩ በየጊዜው ይታደሳል፤ የመረጠ ሰው ስም ይወጣል፤ እሷ ለቀሩት ትደውላለች። አንዷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነች። ማክሰኞ፣ በምርጫው ቀን፣ በጭራሽ አይመቻትም። ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ በመኪናዋ ወስዳ አስመረጠቻት። ለመጨረሻው ቀን የቀሯት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጉልበቷን ሁሉ እነሱ ላይ አዋለችው።

«ቀድሞ የተሰጠ ድምፅ የሚቆጠረው ፉክክሩ ሲጠብ ነው»

ስህተት ነው። እንደማንኛውም ድምፅ ይቆጠራል። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ከዋናው ቀን በፊት መርጠዋል። ያ ሁሉ ሰው ባይቆጠር ምን ምርጫ ይባላል?

«ቀኑ ከረዘመ መራጩ በራሱ ይበዛል»

እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ጥናቶቹ ግን አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ቀድሞ ከሚመርጠው ብዙው ድሮም የሚመርጥ ሰው ነው። ቀኑ ሲረዝም ለቀስቃሹ ጊዜ ይገኛል፤ ጊዜውን የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

«ሰልፍ ያደመቀ ያሸንፋል»

ሰልፍ ደስ ይላል፤ ባንዲራው፣ ሙዚቃው፣ ጭብጨባው። ግን የወጣው ሰው ድሮም ደጋፊ ነው። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጌርበርና ግሪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ይህን ሞከሩት። በአካል ሄዶ በር ማንኳኳት የመራጩን ቁጥር በግልጽ ጨመረ። በፖስታ የተላከው ጥቂት ረዳ። ተከፋዮች እያነበቡ የደወሉት ስልክ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የአክስቴ ልጅ ስልክ የሠራው የሚያውቋት ሰው ስለሆነች ይመስለኛል።

«ማደራጀት ማለት ዕድሩን ለፓርቲ ማስገባት ነው»

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዕድር የሁሉንም ሬሳ ይቀብራል፤ የየትኛውም ዕጩ ደጋፊ ቢሆን። አንድ ጊዜ ወገን ከያዘ ድንኳኑ ለሁለት ይቀደዳል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ መቀስቀስ ደግሞ በሕግም የተከለከለ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ ጎረቤት ያናግር፤ በራሱ ስም፣ በራሱ ደጃፍ።

«እኛ ጋ ቀድሞ መምረጥ ስለሌለ ነገሩ አይመለከተንም»

ይህቺኛዋ በጣም ታበሳጨኛለች። እውነት ነው፣ ጎጃም ውስጥ እንደ ቨርጂኒያ ከ45 ቀን በፊት ሄዶ የሚመርጥ የለም። ግን ለእኛ የዚያን 45 ቀን ቦታ የሚይዘው ምዝገባው ነው። 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው ተመዝግቦ ካርድ ካልያዘ በዕለቱ ቢያለቅስም አይመርጥም። በዚያ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ ይቆማል። ስለዚህ «መጨረሻ ላይ እንረባረባለን» የሚል ዕጩ በሩ ተዘግቶበት ይደርሳል።

የስድስተኛው ምርጫ ቀን ሰኞ፣ ሰኔ 14፣ 2013 ነበር። ሰኔ በጎጃም ምን እንደሆነ የምናውቀው እናውቃለን። በሬ ተጠምዷል፣ እርሻው ይጣደፋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሰልፉ ረዝሞ ምርጫ ቦርድ ማታ 12 ሰዓት ሊዘጋ የነበረውን በሦስት ሰዓት አራዘመው። እንዲህ ባለ ቀን ገበሬውን ከማሳው ሊያስነሳው የሚችለው ማን ነው? ፖስተር አይደለም። በወንፈል አብሮት የሚያርሰው ጓደኛው ነው፤ «አንተ ሂድ፣ በሬዎቹን እኔ እይዛለሁ» የሚለው።

እኔም በዚያ ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጎረቤቴ አራስ ቤት ከወጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። ካርዷን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ በሬን አንኳኳች። ሕፃኑን ተቀበልኳት። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅኋትም፤ ሐሳባችን እንደማይገጥም ግን አውቃለሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጣቷ ላይ ቀለሙ እየታየ ተመለሰች። ልጇን ከእጄ ወሰደችና «በል አያ፣ አሁን ደግሞ አንተ ሂድ» አለችኝ።