የማንነት ዕድገት ምንድን ነው?

እኛ ቤት ቡና በጨው ነው የሚጠጣው። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቡና እንዲህ ነዋ!

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከአዲስ አበባ የተመደበ የዶርም ጓደኛ አገኘሁ። አንድ ቅዳሜ እዚያው ጅማ፣ ጂሬን ወዳለው ቤታችን ይዤው ሄድኩ። አንድ ፉት አለና ስኒውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስኳር መስሏቸው ጨው ጨመሩበት እንዴ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለምን በጨው እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

የማንነት ዕድገት የሚባለው እንዲህ ካለ ጥያቄ ይነሳል። ሰው «እኔ ማን ነኝ? የማንስ ወገን ነኝ?» ለሚለው የራሱን መልስ እያበጀ የሚሄድበት ሂደት ነው።

ሐሳቡን ያስፋፋው በ1902 ጀርመን ውስጥ የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ወላጅ አባቱን አያውቅም። ምኩራብ ሲሄድ «መልክህ የእኛ አይደለም»፣ ትምህርት ቤት ሲገባ «አይሁድ ነህ» እያሉ ልጆች ያሾፉበት ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1939 «ኤሪክሰን» የሚለውን ስም ለራሱ አወጣ። ጥያቄው በጉርምስና ይበረታል ያለው እሱ ነው።

ካሊፎርኒያ ያስተማረችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጂን ፊኒ ሐሳቡን ወደ ብሔርና ባህል ወሰደችው። በ1989 ሦስት ደረጃ አስቀመጠች። መጀመሪያ ሰው የወረሰውን ሳይመረምር ይኖራል፣ ቀጥሎ ይፈልጋል፣ በመጨረሻ አውቆ የራሱ ያደርገዋል። እኔ በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያው ላይ ነበርኩ።

በ1992 ያወጣችው መጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ስለ ራስ ወገን የሚጠይቀውንና ከሌሎች ጋር ስለ መቀራረብ የሚጠይቀውን ለየብቻ ነው የሚለካው። የራሱን የሚወድ ሰው የግድ ሌላውን ይርቃል ማለት አይደለም። እኛ ሁለቱን ስንቴ እናምታታለን!

ባህሎችን የሚያቀራርብ ትምህርትም እዚህ ላይ ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ ከየቦታው የመጣ ተማሪን አንድ ላይ መመደብ ብቻውን አይበቃም። አንድ ዶርም አድሮ ካፌ ሲሄድ ከአገሩ ልጅ ጋር ብቻ የሚቀመጥ ሞልቷል። በዓመት አንድ ቀን የባህል ልብስ ለብሶ መጨፈርም ያው ነው፤ ማንም ማንንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

አያቴ ግን ጠየቁ። ሁለተኛውን እየቀዱ፣ «እናንተስ ልጄ፣ ለምንድን ነው በስኳር የምትጠጡት?» አሉት። ጓደኛዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።