ቀደምት የአኒሜሽን ዘዴዎችና ስቶፕ ሞሽን በክፍል ውስጥ

አኒሜሽን የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎችን በፍጥነት በማፈራረቅ የሚንቀሳቀሱ የማስመሰል ጥበብ ነው። ስቶፕ ሞሽን ደግሞ አሻንጉሊት፣ ጭቃ ወይም የተቆረጠ ወረቀት በጥቂት በጥቂቱ እያነቃነቁ በየደረጃው ፎቶ የሚነሳበት ዘርፉ ነው። በክፍል ውስጥ ሁለቱ አብረው ቢሰጡ ይመረጣል፤ በካርቶን፣ በመቀስና በክር የጀመረ ተማሪ ካሜራው ጋ ሲደርስ የሚሠራውን ያውቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያ ሥራ የሚመቸው ታውማትሮፕ ነው። የለንደኑ ሐኪም ጆን ኤርተን ፓሪስ በ1825 ያስተዋወቀው ይህ መጫወቻ ግራና ቀኙ ክር የታሰረበት ክብ ካርቶን ነው። በአንድ ገጹ ወፍ፣ በሌላው ባዶ የሽቦ ጎጆ ይሣልበታል፤ ክሩ በጣት ሲፍተለተል ወፏ ጎጆው ውስጥ ትገባለች። አንድ ነገር ግን ብዙዎችን ያሳስታል፦ የጀርባው ሥዕል ተገልብጦ መሣል አለበት። ይህን የዘነጋ ተማሪ ካርቶኑን ሲያሽከረክር ወፏን ቀና፣ ጎጆውን ቁልቁል ሆኖ ያገኘዋል፤ ያኔ የካርቶኑ አዟዟር በደንብ ይገባዋል።

ታውማትሮፕ ሁለት ሥዕሎችን ያዋህዳል እንጂ እንቅስቃሴ አያሳይም። እንቅስቃሴ የመጣው ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ በ1832 በሠራው ፌናኪስቲስኮፕ፣ ማለትም ሥዕሎችና ክፍተቶች ባሉት በሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ ነው፤ ኦስትሪያዊው ሲሞን ሽታምፕፈርም በዚያው ሰሞን በራሱ መንገድ ተመሳሳዩን ሠርቷል። በ1834 እንግሊዛዊው ዊልያም ጆርጅ ሆርነር ሐሳቡን ወደ ከበሮ ቅርጽ ለወጠው፤ ይህ ኋላ ዞኢትሮፕ ተባለ። ከበሮው ዙሪያውን ቀጫጭን ክፍተቶች አሉት፣ የሥዕሎቹ ጥብጣብ ከውስጥ ይደረደራል። ተማሪዎች መጀመሪያ ከላይ በአፉ በኩል፣ ቀጥሎ በክፍተቶቹ በኩል ይመልከቱት። ከላይ የሚታየው የተድበሰበሰ የቀለም መስመር ብቻ ነው፤ በክፍተቶቹ በኩል ግን ፈረሱ ይጋልባል። ክፍተቱ እያንዳንዱን ሥዕል ለቅጽበት ብቻ አሳይቶ ወዲያው ስለሚጋርደው ሥዕሎቹ አይደበላለቁም። የትምህርቱ እምብርት ይህ ስለሆነ ጊዜ ቢሰጠው አይቆጭም።

በ1868 ጆን ባርነስ ሊኔት በአውራ ጣት የሚገለበጠውን የሥዕል ደብተር በፓተንት አስመዘገበ። በ1877 ፈረንሳዊው ኤሚል ሬይኖ የዞኢትሮፕን ክፍተቶች በመስታወት ተክቶ ፕራክሲኖስኮፕን ሠራ፤ በ1892 ደግሞ በፓሪሱ ግሬቫን ሙዚየም በእጅ የተሣሉ ረጃጅም ጥብጣቦችን ለተመልካች በመጋረጃ ላይ አሳየ።

ስቶፕ ሞሽንን ካሳደጉት አንዱ ላዲስላስ ስታሬቪች ነው፤ በ1910ዎቹ መጀመሪያ የሞቱ ጢንዚዛዎችን እንደ ተዋናይ እያነቃነቀ ፊልም ሠርቷል። ሎተ ራይኒገር በ1926 ከወረቀት በተቆረጡ ጥላ መሰል ምስሎች ሙሉ ፊልም አቀረበች። ዊሊስ ኦብራየን በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» የግዙፉን ዝንጀሮ ምስል ሕይወት ዘራበት። በፊልሙ የዝንጀሮው ፀጉር አንዳንዴ ነፋስ እንደነካው ይርገፈገፋል፤ ያ አሻንጉሊቱን ያንቀሳቀሱት ጣቶች አሻራ ነው። ተማሪዎች ይህን ካዩ በራሳቸው ጭቃ ላይ የጣት ምልክት ሲያገኙ አይደናገጡም።

ለክፍል ሥራ ስልክና ማቆሚያ ይበቃል። የተለመደው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ቢኖረውም ለጀማሪ 12 በቂ ነው፤ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ማለት ነው። ስልኩ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ደመና ሲያልፍ ምስሉ ስለሚብለጨለጭ ከመስኮት ብርሃን ይልቅ መብራት ይሻላል፤ የካሜራው ራስ-ሰር የብርሃን ማስተካከያም ይቆለፍ። ብዙ የስቶፕ ሞሽን መተግበሪያዎች ያለፈውን ፎቶ በስሱ ደርበው ስለሚያሳዩ የተነቃነቀው ርቀት ይታያል። ያ ርቀት ሁልጊዜ እኩል ከሆነ የጭቃው ኳስ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ሲነሳና ሊቆም ሲል በትንሽ በትንሹ፣ መሐል ላይ ሰፋ አድርገው ሲያራምዱት ግን ክብደት ያገኛል።