ስስ ቆዳ እና ነጠላ ምላጭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተላጨ ቁጥር አንገቱ የሚቀላ፣ ከአገጩ ሥር ሽፍታ የሚወጣበት ሰው አንድ ቀን የፕላስቲክ መላጫውን ትቶ ወደ ጥንቱ ዘዴ፣ ማለትም ወደ ሳሙና፣ ብሩሽ እና ነጠላ ምላጭ ወደሚገባበት የብረት መላጫ ለመመለስ ማሰቡ አይቀርም። ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። ግማሹ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከማስታወቂያ። በእኔ እምነት ቆዳን የሚያስቆጣው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን አያያዙ ነው፤ በተለይ መላጫውን መጫንና አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ። ከሚከተሉት አመለካከቶች ብዙዎቹ ሰውን የሚመሩት ወደ እነዚሁ ሁለት ልማዶች ነው።

«ስለቱ በበዛ ቁጥር ለቆዳ ይመቻል»

ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 መሸጥ የጀመረው መላጫ አንዲት ስስ ምላጭ ብቻ የምትገባበት ነበር። ምላጯ በሁለቱም ጠርዟ ትቆርጣለች፤ ቆዳውን የሚነካው ግን በአንድ ጊዜ አንዱ ጠርዝ ብቻ ነው። እሱ የመሠረተው ኩባንያ ሁለት ስለቶች የተደራረቡበት መላጫ በ1971፣ ባለ ሦስቱ በ1998፣ ባለ አምስቱ ደግሞ በ2006 ለገበያ ቀረቡ። ቁጥሩ ባደገ መጠን ምቾቱም የሚያድግ ይመስላል። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሰው፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ገና መላጨት ሳይጀምር ጉንጩ ልሙጥ ነው።

የተደራረቡ ስለቶች አሠራር እንዲህ ነው። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይዞ በትንሹ ወደ ውጭ ይስበዋል። ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀጣዩ ስለት ደርሶ ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ሲመለስ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ይህን እንደ ጥሩ ልስላሴ ሊቆጥረው ይችላል። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ይገጥመዋል፦ ሹል ሆኖ የተቆረጠው ጫፍ ሲያድግ ይጠመዘዝና የቆዳውን ውስጠኛ ግድግዳ ይወጋል፤ አለዚያም ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ሰውነት የገዛ ራሱን ፀጉር እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ይቆጣል፤ እብጠትና ጥቁር ነጠብጣብ ይከተላል። ሐኪሞች ይህን ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል።

በዚህ ላይ ሌላ ሂሳብ አለ። ባለ አምስት ስለቱ መላጫ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ያንኑ ቆዳ አምስት ስለት ይነካዋል። ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት አሥራ አምስት ይሆናል። ነጠላዋ ምላጭ ፀጉሩን ከቆዳው ወለል ጋር እኩል አድርጋ የመተው ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰዎች እፎይ የሚሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሲባል ግን ፈውስ አይደለችም። በነጠላ ምላጭም ቢሆን የሚጫንና የሚደጋግም ሰው ያንኑ ሽፍታ መልሶ ያገኘዋል።

«ለስስ ቆዳ ስለቱ ደነዝ ያለ ምላጭ ይሻላል»

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣምም ይጎዳል። የደነዘ ምላጭ ፀጉሩን ከመቁረጡ በፊት ይጎትተዋል፣ ሰውየውም ሳያውቀው ጫን ማድረግ ይጀምራል። ሹል ምላጭ ያለ ጫና ስለሚያልፍ ለስስ ቆዳ ይበልጥ የሚራራው እሱ ነው።

ምላጭ ለምን ይደነዝዛል? ፀጉር ከብረቱ ሃምሳ ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው። ሆኖም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ነጠላ ፀጉር የምላጩን ጠርዝ ሸርፎ ሊያነሳ እንደሚችል አሳይተዋል። ጠርዙ እየተላገ ብቻ ሳይሆን እየተሸረፈም ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ምላጩን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ተጠቅሞ መጣል ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው። ጺሙ ጠንካራ የሆነ ሰው ከዚያም ቀድሞ ሊጥለው ይችላል። መጎተት ከተሰማ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ምላጩን በፎጣ መጥረግ ጠርዙን ያበላሻል፤ በውሃ አለቅልቆ ማራገፍና በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል።

መለስተኛነት መፈለግ ያለበት ከምላጩ ሳይሆን ከመላጫው ነው። በምላጩ ጠርዝና ከሥሩ ባለው መከለያ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ሲሆን ምላጩ ብዙም ብቅ አይልም። መከለያው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተከፋፈለባቸው መላጫዎች ብዙ ጊዜ የሚስማሙት ለረጅምና ለጠንካራ ጺም ስለሆነ ጀማሪ ቢያቆያቸው ይሻላል። እጥፍ የሚለውን ክፍት ምላጭም እንዲሁ፤ ማዕዘኑን የሚወስንለት መከለያ ስለሌለው እጅ እስኪለምድ ቆዳው ዋጋውን ይከፍላል።

«ካልተጫኑት አይቆርጥም»

የፕላስቲኩ መላጫ ጭንቅላቱ የሚታጠፍና አንዳንዱም ስፕሪንግ ያለው በመሆኑ ጫናን ይችላል። የብረቱ መላጫ እንዲህ ያለ ይቅርታ አያውቅም። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። እጀታውን ወደ ጫፉ አካባቢ በጣቶች ብቻ መያዝ የመጫን ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በመዳፍ መጨበጥ ግን ይጋብዛል።

ማዕዘኑን ማግኘት የመጀመሪያው ሳምንት ዋና ሥራ ነው። የመላጫውን የላይኛ ክዳን ጉንጭ ላይ አስደግፉት፣ እጀታው ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይቁም። በዚህ ሁኔታ ምላጩ ቆዳውን አይነካም። ከዚያ እያንቀሳቀሳችሁ እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ዝቅ አድርጉት፤ ምላጩ ፀጉሩን መንካት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁሙ። ምላጩ ከቆዳው ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሆኖም በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ ጆሮን ማመን ይቀላል፣ ፀጉር ሲቆረጥ የሚሰማው ጭርጭርታ ግልጽ ነውና። እርምጃው አጭር ይሁን። አገጭና ማንቁርት አካባቢ ደግሞ ከዚያም ይጠር።

«ልሙጥ ካልሆነ አልተላጨም»

የስስ ቆዳ ዋና ጠላት ይህ ነው እላለሁ። ጣት በጉንጭ ላይ እየዳበሰ የቀረች አንዲት ሻካራ ቦታ ሲያገኝ፣ እጅ አረፋ ወደሌለበት ቆዳ መላጫውን ይዞ ይመለሳል። ማቃጠሉ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የአንድ ሁለት ቀን ጺም ይዛችሁ በጣት በየአቅጣጫው ዳብሱት። እጅ ሳይሻክረው የሚንሸራተትበት አቅጣጫ ፀጉሩ የሚተኛበት ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው፤ አንገት ላይ ግን ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ አንዳንዴም ዙሪያውን ሊሆን ይችላል። አንገታቸው ብቻ የሚቆጣባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሳያውቁት በተቃራኒው አቅጣጫ እየላጩ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ አንድ ዙር ብቻ ተላጭታችሁ ተነሡ። ትንሽ ሻካራ ይቀራል፤ ይቅር። ቆዳው ካልተቆጣ ሁለተኛ ዙር ወደ ጎን መጨመር ይቻላል፣ በየዙሩ አረፋውን እንደ አዲስ እየቀቡ። በተቃራኒ አቅጣጫ መላጨት ለብዙ አንገቶች ጨርሶ አያስፈልግም። ወደ ውስጥ የሚያድግ ፀጉር የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ቆዳውን ወጥሮ ከመላጨት ይቆጠብ፤ የተወጠረው ሲለቀቅ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

«ሙቅ ውሃ የቆዳን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዝቃዛ ይዘጋዋል»

የቆዳ ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ የለውም። የሞቀ ውሃ ጥቅም ሌላ ነው፦ ፀጉሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም አነስተኛ ኃይል ይበቃዋል። ለብ ያለ ይበቃል፤ የሚፋጅ ውሃ ቆዳውን ያደርቀዋል። ገላ ከታጠቡ በኋላ መላጨት ሁሉንም ያቀለዋል።

«አረፋ ሁሉ አንድ ነው»

የእጅ ሳሙና ወዲያው የሚከስም ትላልቅ አረፋ ይሰጣል፣ ቆዳውንም ያሟጥጣል። የመላጫ ሳሙና ስቴሪክ አሲድ በሚባል የስብ ዓይነት የዳበረ ስለሆነ አረፋው ደቃቅና የማይፈርስ ነው፤ ግሊሰሪኑ ደግሞ ውሃ ይይዛል። የጀማሪ አረፋ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ እርጎ የመሰለ እስኪሆን ድረስ ውሃ በጠብታ በጠብታ ጨምሩበት። ሽቶ የሌለውን ምረጡ፣ ሽቶ ለቆዳ አለርጂ ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነውና፤ አዲሱን ሳሙና ፊት ላይ ከማድረግ በፊትም በክንድ ውስጠኛ በኩል ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ብሩሹን በተቆጣ ቆዳ ላይ እያሽከረከሩ ማሸት ጉዳት አለው፤ እንደ ቀለም ቀቢ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ይሻላል። ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለው ብሩሽ ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። በመጨረሻ ፊትን በደንብ ማለቅለቅ አይዘንጋ፤ ጥሩ የመላጫ ሳሙናም ቢሆን አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ ያለው ነው።

«ካቃጠለ ሠርቷል»

አልኮል ያለበት የድኅረ መላጨት ፈሳሽ የሚያቃጥለው ቆዳው ስለተጫረ ነው፤ ማቃጠሉ የንጽሕና ምስክር አይደለም። ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ተለቅልቆ፣ ሳይፈትጉ በፎጣ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅና ሽቶ የሌለው ማለስለሻ መቀባት በቂ ነው። ለትንንሽ የምላጭ ቁስሎች ደም የሚያቆመው ፖታሲየም አልም የሚባለው ግልጽ ድንጋይ ይጠቅማል። ፊቱን በሙሉ ቢቀቡት የተጫናችሁበትን ቦታ በማቃጠል ይነግራችኋል፤ ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ግን በየቀኑ ባያደርገው ይመረጣል።

«መላጨት ጺሙን ያወፍረዋል»

አያወፍርም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድሬድ ትሮተር እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተሙት ጥናት ይህን መርምረው ለውጥ አላገኙም። የፀጉሩ ሥር ያለው ምላጩ በማይደርስበት ከቆዳ በታች ነው። እየሾለ የሚያድገው ጫፍ ተቆርጦ ስለደነዘ ሲነካ ብቻ ወፍሮ ይሰማል።

«ቤተሰብ ነን፣ ብንዋዋስ ምን አለበት?»

ምላጭ የማይታይ ደም ይይዛል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀናት የመበከል አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። መላጫውም፣ ምላጩም፣ የአልም ድንጋዩም የየግል ይሁን።

«ቆዳው ቀስ እያለ ይለምዳል»

እጅ ይለምዳል፤ ቆዳ ግን ሁልጊዜ አይለምድም። ከተላጩ በኋላ በጥቂት ሰዓታት የሚጠፋ መቅላት የአያያዝ ጉዳይ ነው፣ ይሻሻላል። መግል የያዘ፣ የሚስፋፋ ወይም ጠባሳ የሚተው ሽፍታ ግን የባክቴሪያ ወይም የፈንገስ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ምላጩን አስቀምጦ የቆዳ ሐኪም ማየት ይገባል። ለብጉር ሬቲኖይድ የሚባለውን መድኃኒት የሚጠቀም ሰው ቆዳው በቀላሉ ስለሚጫር ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጠባሳው እየገነነ ኬሎይድ የሚሠራበት ሰው ደግሞ የትኛውም ምላጭ ባይነካው ይሻላል፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ጺሙን ያሳጥርለታል፣ ጫፉም ቆዳው ውስጥ አይቀበርበትም።