«አር ኢ» ምንድን ነው? ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ

ባለፈው አንድ ወዳጄ አያቱ ከጣልያን የማረኩትን የቤሬታ 1934 ሽጉጥ ፎቶ አሳየኝ። ብረቱ ላይ ዘውድና «አር ኢ» የሚሉ ፊደላት ተመትተውበታል። «ይሄኮ ተራ ቤሬታ አይደለም፤ አር ኢ የሚባል ፋብሪካ ነው የሠራው» አለኝ። ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

አር ኢ የሚባል ፋብሪካ የለም። ዘውድ ያለበት አር ኢ «ሬጂዮ ኤሴርቺቶ» ነው፤ የጣልያን ንጉሣዊ ምድር ጦር። አር ኤ አየር ኃይሉ፣ አር ኤም ባሕር ኃይሉ፣ ፒ ኤስ ፖሊሱ ነው።

እስቲ በሬ አስቡ። ጭኑ ላይ የተተኮሰው ምልክት የባለቤቱ ነው እንጂ ያረባው ሰው አይደለም። ቄራ ሲገባ ሥጋው ላይ የሚያርፈው ማኅተም ደግሞ የመርማሪው ነው። «ይሄን በሬ ሐኪሙ ነው ያረባው» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሽጉጥ ላይ ግን ሞልቷል። የጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ሽጉጥ ላይ ንስርና ቁጥር አይቶ «የፋብሪካው ኮድ ነው» የሚለውም ያው ነው። የጦሩ ተቆጣጣሪ ማኅተም ነው።

ፋብሪካው ላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ በግራ በኩል ተጽፏል፦ ፒ. ቤሬታ፣ ጋርዶኔ (ፋብሪካው ያለበት የጣልያን ከተማ)። ከዚያ የተሠራበት ዓመት፣ ቀጥሎም የሮማ ቁጥር። ይሄ ቁጥር ሞዴል አይደለም። ፋሺስቶቹ ሮምን ከያዙበት ከኦክቶበር 1922 የሚነሳ የራሳቸው ዘመን ነው። ዓመቱ የሚለወጠው ኦክቶበር ማለቂያ ላይ ስለሆነ 1937 የሚሄደው ከ15 ወይም ከ16 ጋር ነው። በመስከረም ዓመት ለሚቀይር ሰው ይሄ አይከብድም። 1937ን ከ19 ጋር ካያችሁ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።

እጀታው ላይ ያለው ፒ ቢ (የፒ. ቤሬታ ምሕጻር) ምንም አያረጋግጥም፤ እጀታ በብሎን የሚፈታ ነገር ነው።

በማኅተም የተመታ ፊደል ብረቱን ስለሚገፋው ዳሩ ላይ ስስ ከንፈር ይተዋል፤ ጥፍር ይይዛል። ሽጉጡ ተሞርዶ እንደገና ከጠቆረ ከንፈሩም ይጠፋል፣ ፊደሉም ይሟሟል። በእርግጥ ፋብሪካው ራሱ መትቶ የወለወለውም አለ፤ ከንፈር የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ደግሞ ከመነካካታችሁ በፊት፦ ካዝናውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሶ ሊቀር ይችላል።

የወዳጄ ሽጉጥ 1937፣ 15 ይላል። ደህና ቤሬታ ነው። ሲሰማ ግን ደስ አላለውም።