ሃይ ታይድ ምንድን ነው? የሮክፊሽ ሰዓትስ መቼ ነው?

«ሮክፊሽ የሚባለው ዓሣ ትል የሚነክሰው ሃይ ታይድ ላይ፣ የባሕሩ ውኃ ሲሞላ ነው።» ይቺን ነገር ከስንት ሰው እንደሰማኋት እንጃ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወንድማችን ቪዲዮ ሠርቶ «ውኃው ጢም ብሎ እስኪሞላ ቤታችሁ ተኙ፤ ሲሞላ ሂዱ» ብሎ መከረ። ምክሩን የሰማ ሰው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ድረስ ይነዳል፣ የመግቢያ ይከፍላል፣ ውኃው ቀጥ ባለበት ሰዓት ክሩን ይጥላል። ከዚያ «ዓሣ እኮ ዕድል ነው» እያለ ባዶውን ይመለሳል። ዕድል አይደለም።

የዘንግ ርዝመት፣ የክር ውፍረት፣ የትል አሰካክ እዚህ የለም። እሱን ዕቃ የሚሸጥላችሁ ሰው በደስታ ይነግራችኋል። እኔ የተማርኩት ውኃ ምህንድስና ነው። የሚያናድደኝም አንድ ነገር ነው፤ ከፍታና ፍሰት ሲምታቱ።

ሃይ ታይድ ከፍታ ነው፤ በቃ። ውኃው ከዚያ በላይ የማይወጣበት ቅጽበት ነው። ሎው ታይድ ደግሞ ከዚያ በታች የማይወርድበት። በአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። የታይድ ሰንጠረዥ ላይ የምታዩት ሰዓትና ጫማ ይህንኑ ነው የሚናገረው። ውኃው ወዴት እየሄደ ነው፣ በምን ፍጥነት ነው ብትሉት ትንፍሽ አይልም። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ ሰው ቢምታታበት አልፈርድበትም። እዚያ ሐይቁ በቀን ሁለቴ ወጥቶ ሲወርድ አላየም።

ስትራይፕድ ባስ፣ ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ዓሣ፣ ግድ የሚሰጠው ፍሰቱ ነው።

አዲስ አበባ ስታዲየምን አስቡት። ጊዮርጊስና ቡና የሚገናኙበት ቀን ነው። ኪስ አውላቂ የት ይቆማል? ሕዝቡ ቦታ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ መሐል ገብቶ አይደለም። በሩ ላይ ነው። ሰው ሲጋፋ፣ ሲገፈታተር፣ እጁን ማዘዝ ሲያቅተው። ስታዲየሙ ጢም ያለበት ደቂቃ ሃይ ታይድ ነው። በሩ ግን ያን ጊዜ ጭር ብሏል። የሌባው ገበያ ከዚያ በፊት ነበር፤ ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ደግሞ ይደራለታል። ሜንሄደንና አንቾቪ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ሕዝቡ ናቸው። ውኃው ሲሮጥ እየገፋ ይወስዳቸዋል። ሮክፊሽ ድንጋይ ተከልሎ፣ ፊቱን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ይጠብቃል። ሕዝቡ ወንበሩ ላይ ሲደላደል እሱም ሥራ ይፈታል።

በሩ በጠበበ ቁጥር ግፊያው ይብሳል። ኬንት ናሮውስ በሚባለው የሜሪላንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ የድልድይ እግር ሥር፣ የድንጋይ ጀቲ (ወደ ውኃው የገባ የድንጋይ ግድብ) ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ወንዝ ቤይ (የባሕር ወሽመጥ) በሚገባበት አፍ ላይ አጥማጅ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ሰፊ ሜዳማ ዳርቻ ላይ ያው ውኃ ተበትኖ ያልፋል፤ በር የለውም።

ፍሰቱ መቼ ነው የሚበረታው? መርከበኞች በግምት የሚሠሩበት የአሥራ ሁለተኛ ሕግ የሚባል አለ። ከሎው እስከ ሃይ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሚገባውን ውኃ አሥራ ሁለት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ ይገባል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ግማሹ ውኃ የሚያልፈው መሐል ባሉት ሁለት ሰዓታት ነው። ወንድማችን «ተኙ» ያለን እነዚህን ሰዓታት ነው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ፍሰቱም ይጠነክራል። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የሞላበት ሰዓት በዚህ ቅዳሜ የሚጎድልበት ነው። «ባለፈው 12 ሰዓት ላይ ይዘናል» ብላችሁ ጓደኛ አትጥሩ። (12 ሰዓት ስትሉም የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አብራሩ። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ነው።)

እስካሁን ያልኩት ቀላሉን ቦታ ነው፤ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል አብሮ የሚቆምበትን። ማሳቹሴትስ ያለውን ኬፕ ኮድ ካናል ስታዩ ግን የሃይ ታይድ ነገር ፉርሽ ይሆናል። ካናሉ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1914 የተከፈተ፣ ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ቦይ ነው። በአንድ ጫፍ «በዛርድስ» የሚባል ቤይ አለ፤ ውኃው በ4 ጫማ ያህል ይወጣል ይወርዳል። በሌላው ጫፍ ኬፕ ኮድ ቤይ አለ፤ እዚያ 9 ጫማ ገደማ ነው። የሚሞሉበት ሰዓትም በሦስት ሰዓት ያህል ይለያያል። ሁለት ስታዲየሞች በአንድ ጠባብ ኮሪደር ተገናኝተው አስቡ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ግፊያ የሚወሰነው አንዱ ስታዲየም ስለሞላ አይደለም። አንዱ ከሌላው ስለበለጠ ነው። እኩል ሲሆኑ፣ ሁለቱም ግማሽ ላይ ቢሆኑ እንኳ፣ ኮሪደሩ ይረጋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ ውኃው ወደ 5 ኖት ይደርሳል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ዱብ ዱብ ከሚል ሯጭ አይተናነስም። በሃይ ታይድ ሰንጠረዥ ብቻ እዚያ የሄደ ሰው ውኃው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጠብቀው እንኳ አያውቅም።

ካናሉ ሌላም ነገር ያስተምራል። ፍሰት ጥሩ ነው ማለት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። በ5 ኖት እርሳሳችሁ፣ ክሩን ወደ ታች የሚያወርደው ክብደት ማለቴ ነው፣ መሬት አይይዝም። ዓሣውም ጉልበቱን ላለመጨረስ ይደበቃል። ግፊያው ከልክ ሲያልፍ ሌባውም ራሱ ይረገጣል። ስለዚህ ካናሉን የሚያውቁ አጥማጆች ውኃው የሚዞርበት ሰዓት ከንጋት ጋር የሚገጥምባቸውን ቀናት ከሰንጠረዥ ለይተው ይጠብቃሉ። የሚፈልጉት ቀጥ ያለውን ውኃ አይደለም። ቆሞ እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ያለውን ጊዜ ነው።

አሁን ያ ወንድማችን «እኔ ግን ሃይ ታይድ ላይ ይዣለሁ!» ይለኛል። አምነዋለሁ። ሜሪላንድን ሰንጥቆ በሚገባው ቼሳፒክ ቤይ ላይ ይሆናል። ቤዩ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ታይዱ ከውቅያኖስ ገብቶ ላይኛው ጫፍ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል ስለሚፈጅበት አንዱ ሙላት ላይ ሲደርስ ሌላው ከታች እየገባ ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ቤይ፣ በተለይ መሐሉና ታችኛው ክፍል ላይ፣ ከፍታውና ፍሰቱ አብረው አይቆሙም። ውኃው ጣሪያው ላይ ደርሶም ወደ ላይ መፍሰሱን ይቀጥላል። የሚረጋው ቆይቶ ነው። እና ወንድሜ፣ የያዝከው ስለሞላ አይደለም። ሞልቶም እየሮጠ ስለነበር ነው። ይህንን ልምድ ይዘህ ደላዌር ወይም ኒው ጀርዚ ውቅያኖስ ዳር ስትሄድ ጉድ ይሠራሃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኖኣ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ሁለት የተለያዩ ትንበያዎች ያወጣል፤ አንዱ የታይድ፣ አንዱ የከረንት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ከፍቶ ይዘጋል። ሁለተኛው ላይ «ስላክ» የሚለው ውኃው የሚቆምበት፣ «ማክሲመም» የሚለው በጣም የሚሮጥበት ሰዓት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ይህን ሁለተኛውን ሰንጠረዥ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንደኛ፣ ትንበያው በአብዛኛው የተሠራው መርከብ ለሚሄድበት ጥልቅ መሐል ነው። ዳር ያለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ከመሐሉ ቀድሞ ይዞራል። ከባሕር ዳር ለሚያጠምድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የቤይ ውኃ ሁለት ፎቅ ነው። ከወንዝ የሚመጣው ቀለል ያለ ጨው አልባ ውኃ ከላይ፣ ከውቅያኖስ የሚገባው ከበድ ያለው ጨዋማ ከታች ይሄዳል። ስለዚህ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቅጠል ወደ ውጭ መሄድ ጀምሮ፣ ትላችሁ ካለበት ከታች ውኃው ገና ወደ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ሳይሆን ክራችሁን እመኑ።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ትንበያው የሚያውቀው ጨረቃንና ፀሐይን ብቻ ነው። አናፖሊስ ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 1 ጫማ ያህል ናት። በመጸው ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ግን ከዚያ የበለጠ ውኃ ከቤዩ ገፍቶ ሊያስወጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን «ሃይ ታይድ» ተብሎ በተጻፈው ሰዓት ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ፣ ፖቶማክ ወንዝ፣ ልዩነቱ ወደ 3 ጫማ ስለሚደርስ ታይዱ ከነፋስ ጋር የተሻለ ይታገላል። እዚያ ደግሞ ዝናብ ከዘነበ ወንዙ ራሱ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ነፋስ ሁሌ ጠላት አይደለም። መካከለኛ ሆኖ ከባሕሩ ወደናንተ ሲነፍስ ትናንሾቹን ዓሦች ወደ ዳር ያመጣል። ውኃው ቡና እስኪመስል ካደፈረሰው ግን ተዉት።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትወርውሩ። ጀቲው ጫፍ ላይ ቁሙና ውኃውን እዩ። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ፍሰቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከድንጋዩ ጀርባ ለስላሳ የሆነ፣ ዝም ያለ ውኃ አለ። በሚሮጠውና በሚያርፈው መካከል ቀጭን የአረፋ መስመር ታያላችሁ፤ ቅጠልና ጭራሮ እሱ ላይ ይሰለፋል። ዓሣው እዚያ መስመር ዳር ነው። ትሉን መስመሩ ላይ አትጣሉት። ከፍሰቱ በላይ በኩል ጣሉት፣ እርሳሱን ቀለል አድርጉ፣ ውኃው ራሱ እያንከባለለ ያምጣው። ማታ ድልድይ ሥር ከሆናችሁ የመብራቱ ጥላ ውኃው ላይ የሚሠራውን ጠርዝ ፈልጉ። ሮክፊሽ ጨለማው ውስጥ ቆሞ በብርሃኑ የሚያልፈውን ያያል። ሌባ መቼ ብርሃን ወዶ ያውቃል?

የቀረውን በአጭሩ። ንጋትና ምሽት ከቀትር ይሻላሉ፤ ይህን ማንም ያውቃል። የውኃው ሙቀት ከ13 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ዓሣው ይመቸዋል። ስለዚህ ለቼሳፒክ ዳርቻ ጥቅምትና ኅዳር የሚቆጩበት አይደሉም። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ጾመ ነቢያት ይገባል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ አጥምዶ መልቀቅ ግን የከለከለ የለም።

ክረምቱ፣ ማለቴ የዚህ አገር በጋ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ ታግሎ የደከመ ዓሣ ብትለቁትም ይሞታል። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በሞቃት ወራት የቀለም ባንዲራ ትንበያ ያወጣል። አየሩ 95 ፋራናይት ሲደርስ ቀይ ነው፤ ያን ቀን ሮክፊሽ አትንኩ። የምለው ለወግ አይደለም። ግዛቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ ጫጩቶቹን ይቆጥራል። መረቡ አንዴ ሲጎተት የሚገኘው የረጅም ጊዜ አማካይ 11 ገደማ ሲሆን በ2023 የተገኘው 1 ነበር። ትል የምትጠቀሙ ከሆነ ክብ መንጠቆ ግዴታ ነው፤ ዓሣው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ከንፈር ላይ ይይዛል። የሚፈቀደው መጠንና የሚዘጋው ወር ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት የዓመቱን ሕግ እዩ። ፈቃድም አውጡ፤ «ሁለት ትል ብቻ ነው» የሚለው ምክንያት ተቆጣጣሪው ፊት አይሠራም።

እና ቅዳሜ ልትሄዱ ነው እንበል፣ ጥቅምት ላይ። ለቦታችሁ ቅርብ የሆነውን የከረንት ገጽ ክፈቱ። ስላክ ከጠዋቱ 5:40፣ ማክሲመም 8:30 ይላል ብላችሁ አስቡ፤ በፈረንጅ። ዳር ላይ ውኃው ቀድሞ ስለሚዞር ከ5:40 በፊት ድንጋዩ ላይ ብትሆኑ አይከፋም። ፓርኩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጎሕ ሲቀድ ፍሰቱ እየበረታ ነው። 9:30 ላይ፣ እርሳሳችሁ መሬት መያዝ እምቢ ካለ ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ፣ ጠቅልላችሁ ቁርስ ፈልጉ።