በጅማ አዲስ አጥቢያ መትከልና ደቀ መዝሙር ማፍራት

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ 47 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶው ሙስሊም፣ 13 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ከከተማ ወጣ ሲባል ሌላ ነው። በዞኑ ሙስሊሙ ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን ፕሮቴስታንቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የፕሮቴስታንት አጥቢያ ሲሞላ ሌላ ይወልዳል። ገጠር ላይ ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይጀምራል።

በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የኤስ.አይ.ኤም. (የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን) ሚሲዮን ቡድን በ1920 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሐሳቡ ጅማ መድረስ ነበር። አልደረሰም። መንገድ ላይ የየአካባቢው ገዢዎች በደህና ተቀብለውት በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳሞ ሥራ ጀመረ። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ወላይታ ላይ የተጠመቀው ሰው 50 አይሞላም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አማኙ ወደ 10,000 ተጠግቶ ተገኘ። ይህን ያደረጉት ፊደል ከቆጠሩ ብዙም ያልቆዩ ገበሬዎች ናቸው።

ጅማም የድርሻዋን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀድያና ከዳውሮ ቡና ለመልቀም የሚመጣ ሰው እምነቱን ይዞ መጣ። ከለቃሚዎቹ አንዳንዱ መሬት አግኝቶ ቀረ፤ ማታ ማታ ጎረቤት ጠርቶ መዘመር ጀመረ። ሚሲዮን ያደረገውን ማሳነስ አይገባም፤ ነገር ግን ጅማ ላይ የቡና ለቃሚው ድርሻ ከሚነገርለት በላይ ነው።

ነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አገሪቱን ሚሲዮን እምነቱን ሊሰብክ በሚችልባቸው «ክፍት» እና ኦርቶዶክስ በሚበዛባቸው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አካባቢዎች ከፈለ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመች። በጅማ ከተማ የትኛው አጥቢያ ቀዳሚ እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ተናጋሪው ቤተ እምነት ይለያያል።

ደርግ መጣና ነገሩ ተለወጠ። በአገሪቱ ብዙ ጸሎት ቤቶች ታሸጉ፤ መሪዎች ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አማኞች በየቤቱ አምስትም ስድስትም ሆነው ይሰበሰቡ ጀመር። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ በነጠላ ይሸፈናል። በር ላይ የሚቆም ልጅ አለ፤ እንግዳ ከመጣ ቡና ይቀርባል፣ ወሬው ስለ ገበያ ይሆናል። ሰባኪ ስለሌለ ሁሉም ያስተምራል፤ ተራ የደረሰው ሳይዘጋጅ መምጣት አይችልም። ዛሬ «የደቀ መዝሙርነት ሥልጠና» ተብሎ በመጽሐፍ የሚሰጠው አብዛኛው ነገር ያኔ በግድ የተለመደ ነው። የታሸጉት ጸሎት ቤቶች ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ተከፍተው አዳራሾች ሞሉ።

በአሁኑ አሠራር እናት ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የወንጌል ስርጭት ጣቢያ ትከፍታለች። አንድ ወንጌላዊ ይመደባል፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሲዘገይም ይዘገያል። የኪራይ ቤት ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጭቃ ቤት ከእነ ቆርቆሮው ነው፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ የፕላስቲክ ወንበር በውሰት ይመጣል፣ ሞንታርቦ ይገባል። ከአከራይ ጋር የመጀመሪያው ጭቅጭቅም በሞንታርቦው ነው። ምእመኑ በርከት ሲል ሽማግሌዎች ተመርጠው ጣቢያው አጥቢያ ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ራስ ምታት የአምልኮ ቦታና የመቃብር ቦታ ነው። መቃብር ያላገኘ አጥቢያ ገና እንግዳ ነው።

ገንዘቡ ወቅት ይከተላል። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲለቀም እሑድ ጠዋት ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ቡናው ሲሸጥ አሥራቱም ቆርቆሮውም ይመጣል። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው በኅዳር የሥልጠና ፕሮግራም ያወጣና ለራሱ ያስተምራል።

ቋንቋም አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 ዓ.ም. ታትሟል። በከተማዋ የአማርኛና የኦሮምኛ አምልኮ በተለያየ ሰዓት የሚያደርጉ አጥቢያዎች አሉ። በአማርኛ ብቻ የተተከለ የገጠር አጥቢያ ግን የመንግሥት ሠራተኛው ሲዛወር አብሮ ይመነምናል።

በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ በጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ የተነሳው ጥቃት መታለፍ የለበትም። በወቅቱ በተዘገበው መሠረት ከ50 በላይ ጸሎት ቤቶች ተቃጥለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። መንግሥት ተጠያቂ ያደረገው አንድ አክራሪ ቡድንን ነው። ያም ሆኖ በዚህ ዞን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በእድርም በገበያም አብሮ ይኖራል፤ በሰላሙ ጊዜ ጥሩ ጎረቤት ያልሆነ ወንጌላዊ ደግሞ ሥራው ብዙ አይራመድም።

ከመትከል ይልቅ የሚያስቸግረው ማጽናት ነው። አዲስ አማኝ የጥምቀት ትምህርት ይጨርሳል፣ ይጠመቃል፣ ከዚያ ጠፋ። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የተያዘው የቤት ኅብረት ነው። በሳምንት አንድ ማታ ሰባት ስምንት ሰው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ የዮሐንስ ወንጌል በተራ ይነበባል፤ መሪው «ባለፈው ሳምንት ያነበብከውን ለማን ነገርክ?» ይላል። ዝምታው ረዘም ካለ ሻይ ይቀዳል። መርሁ ከ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 የተወሰደ ነው፤ የተማረ ሰው ሌላ ሰው ያስተምራል።

በዚህ ረገድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ፌሎ» የሚሉት ኅብረት ትልቅ ጉልበት ነው፤ ብዙ የቤት ኅብረት የሚመሩት እነሱ ናቸው። ችግሩ ምረቃ ነው። መሪው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ቡድኑ ይበተናል። ለዚህም ነው አንዳንድ አጥቢያዎች ለእያንዳንዱ የግቢ መሪ ከከተማው ነዋሪ አንድ ረዳት ከመስከረም ጀምሮ አብሮት እንዲቀመጥ የሚያደርጉት።